በጥቁር ድንጋይ ላይ የፈሰሰ ወተት

ባለፈው ሁዳዴ አንዲት ፈረንጅ ልጅ፣ ከገነተ ማርያም ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ቤቴ ደጃፍ ስትደርስ ከብስክሌቷ ወርዳ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች። ፀሐዩ ፊቷን በርበሬ አስመስሎታል። ባለቤቴ ዘነቡ አላስችላት ብሎ ጠላ በጣሳ ሞልታ አመጣችላት። ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀበለች። ዘነቡ ፊቷን ስትመልስ ግን ጠላውን ቀስ ብላ ቁልቋሉ ሥር ደፋችው። እኔ አየሁ። ዘነቡም ዞር ስትል አየች።

«ኧረ በማርያም! የደከምኩበትን ጠላ ደፋችው እኮ!» አለችኝ።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ደፍቻለሁ።

ብስክሌተኛ ነበርኩ ብል የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት አስጎብኚ ሳለሁ፣ ከጋሸና እስከ ላሊበላ ያለው ኮረኮንች ያማረረው አንድ ፈረንጅ ብስክሌቱን ለእኔ ትቶ በአውሮፕላን ተመለሰ። ጓደኞቼ «እሱን ያቃተው ለአንተ ሊሆንልህ?» ብለው ሲያሾፉብኝ እልህ ያዘኝና «ኬንያ ድረስ እነዳዋለሁ!» አልኩ። አፌ ነው የቀደመኝ። አንዴ ከተናገርኩ በኋላ ግን ከቃሌ መመለሱ አሳፈረኝ።

ከዚያ ጉዞ ምን ተማርክ ለሚለኝ የምነግረው አላጣም። ቁልቁለት ከዳገት ይከፋል፣ ፍሬን ይበላል። ውሃ የሚጠጣው ሳይጠማ ነው። የመንገድ ዳር ሰው «ቅርብ ነው» ሲል ማመን አያስፈልግም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ዋናውን ላለመናገር የማወራው ነው።

ልነሳ ስል ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የንስሐ አባቴን ልሰናበት ሄድኩ።

«መንገደኛ ነህ» አሉኝ። «ሲደክምህ ያገኘኸውን ቅመስ። ፈቅጄልሃለሁ።»

«የለም አባ፣ እጾማለሁ።»

«ኋላ እንዳይከብድህ።»

«አይከብደኝም!»

እውነት ለመናገር፣ ለእግዚአብሔር ብዬ ብቻ አልነበረም። ኬንያ ድረስ ነዳ ከመባል በላይ፣ ጾሞ ነዳ መባል አምሮኝ ነበር። ደሴን፣ አዲስ አበባን፣ ሐዋሳን አልፌ ሞያሌ እስክደርስ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አንዲት ፍሬ ቆሎ አልቀመስኩም። ሐዋሳ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ሲሸተኝ አፍንጫዬን ይዤ ነው ያለፍኩት።

ከሞያሌ ወዲያ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው መንገድ ያኔ አስፋልት አልነበረውም። ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ እሳት የሚነድ ይመስል ይፋጃል። ዝናብ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ የከብት አጥንት መንገድ ዳር ተበትኗል። በሁለተኛው ቀን በሶዬም ውሃዬም አለቀ። ስድስት ሰዓት ገደማ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ አንድ ጎጆ ጥላ ሥር ተጋድሜያለሁ። በእናቴ ዕድሜ ያለች የቦረና ሴት በእርጥብ ጨርቅ ግንባሬን ታብሳለች። ከአጎቴ ጋር ከሚሴ ገበያ ስመላለስ የለቃቀምኩት ኦሮምኛ ስለነበረኝ «ከየት ነህ?» ስትለኝ ገባኝ። ነገርኳት። ገብታ የወተት ጮጮ ይዛ ወጣች፤ ወደ ውስጡ አየት አደረገችና የቀረችውን ጥቂት አንጠፍጥፋ በኩባያ ቀዳችልኝ። በጭስ የታጠነው ዕቃ ሽታ የእናቴን ጓዳ አስታወሰኝ። ምራቄ መጣ። ባዶውን ጮጮ ደፍታ ሰቀለችው።

«ጾም ነኝ» ማለት እችል ነበር። ቃሉን በኦሮምኛ አውቀዋለሁ። ግን ከሞት ያነሳችኝን ሴት «ያንቺን አልጠጣም» ማለት ከበደኝ። ወደ ውስጥ ስትገባ ጠብቄ ከድንጋዩ ጀርባ ደፋሁት። አፈር ቢሆን መጥጦ ይሸፍንልኝ ነበር። ድንጋዩ ግን አልመጠጠውም፤ ነጩ ወተት በጥቁሩ ላይ ተኝቶ ቀረ።

ወጣች። አየችው። ኩባያውን ከእጄ ወሰደችና ገባች። አሁን ታባርረኛለች ስል ሻይ አፍልታ መጣች፤ ወተት የሌለው፣ ስኳር የበዛበት።

«ይህንስ ትጠጣለህ?»

ጠጣሁ። ውሃም ሞላችልኝ። ጾመኛ መሆኔን ሳልነግራት፣ ይቅርታም ሳልጠይቅ ብስክሌቴን ይዤ ሄድኩ። ናይሮቢ ደረስኩ፤ ስመለስም ላሊበላ በጭብጨባ ተቀበለችኝ።

ለንስሐ አባቴ ግን ሁሉንም ነገርኳቸው። «እኔ ፈቅጄልህ አልነበር? ታዲያ ያን ጾም ለማን ጾምከው?» አሉ። «ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት።»

እሄዳለሁ አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው፤ አልሄድኩም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ራሴን የማጽናናው በሻዩ ነበር። ብትቀየመኝ ኖሮ ሻይ ታፈላልኝ ነበር? እል ነበር።

ቁልቋሉ ሥር ጠላው ሲፈስ ሳይ ግን ደሜ ፈላ። ልጅቷ ሆዷን እንዳያማት ፈርታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፈረንጆችን ስመራ ኖሬያለሁ። ቢሆንም ዘነቡ ገብሱን ስትለቅም፣ ስታበቅል የከረመችው ዓይኔ ላይ መጣብኝ። እንደተናደድኩ ገባሁ፤ እንደተናደድኩ ውሃ ጣድኩ፤ ፈላ። ሻዩን ስሰጣት ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ያቺ ሴትም ተቀይማኝ ነበር። ተቀይማኝ ነው ሻዩን ያፈላችልኝ።