የሦስቱ ምንጮች ሪፖርት

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የአንድ ባለርስት ጎተራ ነበር። ከላሊበላ ከተማ ግርጌ፣ በቀይ ድንጋይ የተገነባ፣ ክብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ነው። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የተቀበለኝ የገብስ ሽታ ነው። እህሉ ከተወሰደ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን መሬት ላይ አንጥፈው፣ ግማሹን ለእኔ ለቀው አየሁ።

«ና ተቀመጥ፣ ልጄ። ድንጋዩ ይበርዳል» አሉኝ።

አወቅኋቸው። በብልባላ በኩል ያለ የአንድ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ሁለታችንንም ያሳሰረን አንድ ጉዳይ ነበር።

እኔ በአውራጃው የዕቅድና ሪፖርት ሠራተኛ ነበርኩ። ብሔራዊ ሸንጎው፣ የአገሪቱ ምክር ቤት፣ ሊሰበሰብ ነውና የታቀደው፣ ወጪ የሆነውና የተሠራው ሁሉ ተጠቃልሎ እንዲላክ ታዘዘ። ከእኛ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ሸንጎው ፊት ይቀርባል። በሽማግሌው ቀበሌ ሦስት ምንጮች እንዲጎለብቱ በጀት ተይዞ ነበር። ሲሚንቶውና ቧንቧው መጣ፤ ቦታው ሳይደርስ ግን ለጦር ሰፈር ግንባታ ተወሰደ። ሄጄ አይቻለሁ፤ አንድ አካፋ አፈር እንኳ አልተነሣም። ስለዚህ በአፈጻጸም ዓምድ ላይ «አልተሠራም» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «መቶ በመቶ ብለህ አስተካክል» ብሎ መለሰልኝ። አላስተካከልኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ኋላ ቁጥጥር ቢመጣ ተጠያቂው እኔ ነኝ ብዬ ፈርቼ ነው። ሽማግሌውም በርክክቡ ሰነድ ላይ ማኅተም አልመታም ብለው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለት ታጣቂዎች ከቢሮዬ ወሰዱኝ።

በማግሥቱ ጠዋት የአውራጃው ፓርቲ ካድሬ መጣ። የአገራችን ልጅ ነው፤ በትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ይቀድመኝ ነበር። በታይፕ የተመታ አዲስ ሪፖርት፣ ብዕር፣ ከሽማግሌው የቀማውን ማኅተምና የቀለሙን ጣሳ ይዟል።

«ሐሙስ በአውሮፕላን ይሄዳል» አለ። «እስከዚያ ፊርማና ማኅተም ከሌለበት እናንተ ደሴ ትወሰዳላችሁ። ደሴ ከገባችሁ ደግሞ እኔ የማደርግላችሁ ነገር የለም።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚስትህ አራስ ናት። ሦስት መስመር ነው እኮ! ማን እዚህ ድረስ መጥቶ ምንጭ ይቆጥራል?»

ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ሁሉንም ትቶልን ወጣ።

ልፈርም ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ብዕሩን አነሣሁ።

«ሳትፈርም አንብብልኝ እስቲ» አሉ ሽማግሌው። ፊደል አልቆጠሩም።

«ምንጭ ማጎልበት፦ ዕቅድ ሦስት፣ ክንውን ሦስት፣ አፈጻጸም መቶ በመቶ። በጀቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል። ኅብረተሰቡ የንጹሕ ውኃ ተጠቃሚ ሆኗል።»

ድርሳን እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ።

«አዲስ አበባ ሲነበብ የሚሰሙት እነማን ናቸው?»

«ከየአገሩ የተመረጡ ሰዎች ናቸው፣ አባቴ።»

«ሰምተውስ?»

«ያጸድቃሉ። ከዚያ የሚመጣው ዓመት ዕቅድ ይወጣል።»

«የእኛ ምንጭ እዚያ ውስጥ ይገባል?»

ብዕሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። «አይገባም። ተሠርቷል ተብሏላ።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

«ከዚያም ወዲያ አይገባም።»

«የእኛ ሴቶች ውኃ ለመቅዳት ገደል ይወርዳሉ። ባለፈው ክረምት አንዷ ከነእንስራዋ እዚያው ቀረች፤ የወንድሜ ልጅ ነበረች። ቧንቧውን መውሰዳቸውን እችለዋለሁ፤ ጦርነት ነው። ይኸ ወረቀት ግን የሚወስደው ተራችንን ነው። ቅዱስ ላሊበላን፣ ማኅተሜን እዚህ ላይ አልመታም! አንተ ግን አራስ አለችህ። ብትፈርም አልቀየምህም።»

አልቀየምህም ማለታቸው ነው የያዘኝ። ቢቆጡኝ ኖሮ እፈርም ነበር።

«መቶ በመቶ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ። ከላዩ «አልተሠራም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም «ዕቃው ለሌላ ሥራ ተወስዷል። ሕዝቡ አሁንም ውኃ የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይያዝ» ብዬ ጨመርኩ፤ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። አነበብኩላቸው። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። ተነሥተው ጋቢያቸውን ከመሬት አንሥተው አራገፉ፣ በወጉ ለበሱት፣ ማኅተሙን ቀለም አስነክተው ከፊርማዬ አጠገብ ረጋ ብለው መቱ።

ካድሬው ተመልሶ ቆሞ አነበበው። ጥፊ እየጠበቅሁ ነበር።

«ምን አደረጋችሁ?» አለ በቀስታ።

«ማኅተም ምቱ አልከን፤ መታን» አሉት ሽማግሌው።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ሐሙስ ደሴ ወሰዱን። እኔ ዘጠኝ ወር ታሰርኩ፤ እሳቸውን ቀደም ብለው ለቀቋቸው። ስፈታ ልጄ እየዳኸ ነበር፤ አይቶኝ ፈርቶ አለቀሰ። «መቶ በመቶ» የሚለው ሪፖርት በሌላ ሰው ፊርማ መላኩን ያኔ ሰማሁ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ግን የውኃ ሥራ ባለሙያዎች የድሮውን ፋይል ሲያገላብጡ የእኛን ወረቀት አገኙት። ካድሬው ሳይቀደው ፋይል ውስጥ አኑሮታል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ዳግም አልተገናኘንም። ያቺን ወረቀት ይዘው ወደ ሽማግሌው ቀበሌ ሄዱ። ሁለቱን ምንጮች አጎለበቱ። ሦስተኛው ደርቆ ነበር። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ውኃ በእጃቸው ተቀብለው ፊታቸውን ሲታጠቡበት አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሚኒስትሮች ለምክር ቤት ሪፖርት ሲያቀርቡ በሬዲዮ እከታተላለሁ። መቶኛዎቹ ሲደረደሩ ዓይኔን ጨፍኜ አሳልፋቸዋለሁ። አንድ ኃላፊ «ይህን ሳንሠራ ቀርተናል» ያለ እንደሆነ ግን ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። ያ ቃል እዚያ ወንበር ድረስ እንዲደርስ፣ ከሥር ስንት ሰው እንደጸናበት አውቃለሁ።