ከአመድ ቀድሞ የወጣው እንስራ

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ቤቴ ከታላቅ እህቴ ከጥሩወርቅ ጋር ሽንኩርት ስንከትፍ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው አዲስ የሸክላ ድስት ማንም ሳይነካው «ጢን» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደገመና ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ። ምህንድስና የሚማረው ልጇ በድንጋጤያችን ሳቀ። ሸክላ ከእሳት ቶሎ ከወጣ ውጩ ቀድሞ ቀዝቅዞ ይኮማተራል፣ ውስጡ ገና እንደጋለ ነው፤ ጉተታው እዚያው ተቆልፎ ይቀርና አንድ ቀን ድንገት ይፈታል አለን። እኔ አልሳቅሁም። ያንን ድምፅ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ የምንኖረው ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነበር። የጥሩወርቅ ሠርግ ሲቃረብ፣ ለጠላው የሚሆን እንስራ እንዳመጣ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ወደ እማማ ዘነቡ ተላክሁ። አሮጌ ገል ፈጭተው ከጭቃው ጋር የሚለውሱ፣ ስንጥቅ ሲመጣ ገሉ ያቆመዋል የሚሉ ሴት ነበሩ። እንስራው የተተኮሰበት አመድ ውስጥ ይደር፣ ነገ መጥተሽ ውሰጂ ብለውኝ ራቅ ወዳለ አገር ልቅሶ ሄዱ። ነገ ግን የቡሬ ገበያ ነበር፤ እኔም ለቀሚሴ ጥልፍ ክር ልገዛ ቋምጫለሁ። እንስራውን ያኑ ዕለት በእንጨት ጎትቼ አወጣሁት። የጥር ነፋስ አበረደልኝና በገለባ ጠቅልዬ አዘልሁት። ጀርባዬን እስከ ቤት ድረስ ሞቀኝ።

ጠላው ተጠምቆ በገባበት ማግስት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንስራው «ጢን» አለ። ውስጡ የተዘጋ ሰው በጥፍሩ የሚያንኳኳ መሰለኝ። ሦስት ቀን እየቆየ እንዲሁ አለ፤ ውሻችን እቤት አልገባም አለ። በሦስተኛው ቀን ጥሩወርቅን ትኩሳት ጣላት። እሷ ስትንቀጠቀጥ እንስራው ለሁለት ተከፈተ፤ ጠላው እመደቧ ሥር ድረስ ፈሰሰ።

«ቡዳ በላት» ተባለ። ሸክላ የሚሠራ ሁሉ በዓይኑ ሰው ይበላል የሚባልበት ጊዜ ነው፤ የበላው ራሱ እንትፍ ካለበት ይለቃል ይሉ ነበር። አጎቶቼ እማማ ዘነቡን በእድሜያቸው ሳያፍሩ አንቺ እያሉ አመጧቸው። እሳቸው ግን ቀድመው ገሉን አነሡ፤ ስብራቱን በጣታቸው ዳሰሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ መቼ ነው ከአመዱ ያወጣሽው?»

«በማግስቱ ነው፤ እርስዎ እንዳሉኝ።»

አፍሬ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን በለጠብኝ። እማማ ዘነቡ ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«እንግዲያ የእኔ እጅ ነዋ» አሉና ጎንበስ ብለው እህቴ ላይ እንትፍ አሉ።

በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቃት። የባሰው ይህ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቡዳነታቸውን የሚጠራጠር ጠፋ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ጎጇቸውን ጥለው ሄዱ፤ ወዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ሸክላ ይተኩሱበት የነበረውን አመድ ሄጄ በእጄ ብነካው ሞቆ ጠበቀኝ።

የእህቴ ልጅ አስረድቶ ሲጨርስ ጥሩወርቅ መክተፏን አቆመች።

«ታዲያ የእኔን እንስራ ማን ነው ቶሎ ያወጣው?» አለች።

«እኔ» አልሁ።

ቢላዋዋን አስቀምጣ ነጠላዋን አነሣች። ሳምንት ሆነ፣ አልደወለችም። የተሰነጠቀውን ድስት አልጣልሁትም፤ ቤቱ ጭር ሲል ደግሞ ይጮኽ እንደሆነ አዳምጣለሁ።