የአባባ የራዲዮ መዝገብ

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ልጄ አንድ ወረቀት ይዞ ጎሮ ያለው ቤቴ መጣ። የአማተር ራዲዮ ጣቢያ ፈቃድ ሊያወጣ ነው። ሶፋው ላይ ተዘርፍጦ የሚጠየቀውን ያነብልኝ ጀመር፤ ፈተና ማለፍ፣ የመሣሪያውን ዓይነት ማሳወቅ፣ አንቴናው የሚቆምበትን ቦታ ማስመዝገብ። “እያንዳንዱን ግንኙነት በመዝገብ መያዝ” የሚለው ጋ ሲደርስ ሳቀ። “እማ፣ በዚህ ዘመን መዝገብ ምን ያደርጋል?” አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። ወጡን ላማስል ብዬ ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ምድጃው ላይ ወጥ አልነበረም።

አባባ አውሮፕላን ማረፊያ የራዲዮ ጠጋኝ ነበር። ቤታችን ከሃያ ሁለት ወደ ቦሌ ሲወረድ ነበር፤ ያኔ ከጓሯችን ወዲያ የሰው ጤፍ ማሳ ነበር፣ በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ጫማችንን በእጃችን ይዘን እስከ አስፋልቱ እንሄዳለን። ሌላው ሰው ከሥራ ሲመለስ ካርታ ይጫወታል፤ አባባ ግን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ያወራል። ፈቃዱን ያወጣው በንጉሡ ጊዜ ነው፤ ተፈትኖ፣ ሞርስ የሚባለውን የቲት ቲት ፊደል መምታቱን አሳይቶ፣ ማሰራጫውን አስመርምሮ። ወረቀቱን በመስታወት አስገጥሞ ሳሎን ከሚካኤል ሥዕል ጎን ሰቅሎት ነበር፤ እማዬ ይሄን ጉርብትና አልወደደችውም።

ፈቃዱ ደግሞ ክልከላው ብዙ ነው። ፖለቲካ ማውራት አይቻልም፣ ንግድ ማውራት አይቻልም፣ የሌላ ሰው መልእክት ማድረስም አይቻልም። ስለዚህ አባባ ናይሮቢና ሮም ካሉ ወዳጆቹ ጋር ለዓመታት ያወራው ስለ ዝናብ ነው። እማዬ “ዝናቡን ለማወቅ በር መክፈት አይበቃህም?” ትለው ነበር። እሱ ጥቁር ሽፋን ያለውን ትልቅ መዝገብ ያወጣና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያነጋገረውን ሰውና አገሩን በእስክሪብቶ ይጽፋል። በእርሳስ መጻፍ ለእሱ ማጭበርበር ነበር። ደንብ የሚያከብር ሰው በማንም ፊት አንገቱን አይደፋም ብሎ ያምን ነበር፣ የዋህ አባቴ።

አብዮቱ ሲመጣ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄደና “እስኪወሰን ጠብቅ” ተባለ። በዚያው ሳምንት ጓሯችን ካሉት ሁለት ባሕር ዛፎች መካከል የተወጠረውን የአንቴና ሽቦ አወረደ፤ ማሰራጫውን ካርቶን ውስጥ አሽጎ አልጋ ሥር ከተተው። የቀረችው ሞርስ የሚለማመድባት በባትሪ የምትጮህ ትንሽ መምቻ ብቻ ነበረች። ድምፅዋ ከጓሯችን አያልፍም። ለጎረቤት ጆሮ ግን በቂ ነበር።

ቀይ ሽብሩ ሲመጣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ነሐሴ ነው፣ የፍልሰታ ጾም። እማዬ ቅዳሴ ሄዳለች፣ አባባ ሥራ ነው። ከሰል ልገዛ ጥጉ ላይ ያለችው የወሎዋ እትዬ ከድጃ ሱቅ ሄድኩ። እትዬ ከድጃ ከሰሉን እየሰፈረች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ታችኛው ቀበሌ አሰሳ ጀምረዋል፣ ልጄ። ነገ እኛ ጋ ናቸው አሉ። የእነ ሻምበልን ልጅ ሁለት ገጽ ወረቀት አግኝተውበት ወሰዱት። ቤታችሁ የተጻፈ ነገር ካለ ለአባትሽ ንገሪው።”

አባባን እስኪመጣ አልጠበቅኩም። ቢመጣ “ፈቃድ ያለው ሰው ምን ይፈራል?” እንደሚል አውቃለሁ። መዝገቡን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ገለጥኩት፤ ሮም፣ ሃምቡርግ፣ ናይሮቢ፣ የፈረንጅ ስም በፈረንጅ ስም ላይ፣ ከጎኑ ትርጉሙ የማይገባኝ ቁጥር። እኔን ራሴን ያስፈራኝ ነገር እነሱን ምን ያስብላቸው ይሆን? የከሰል ምድጃውን በረንዳ ላይ አቀጣጠልኩና ሰው ቢያይ እንዳይጠረጥር እሸት በቆሎ ጣድኩበት። ከዚያ ገጹን እየገነጠልኩ ከሥር መማገድ ጀመርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ወረቀቱ እርጥበት ስላለው ይጨሳል፣ ዓይኔ ያለቅሳል። ወደ መጨረሻው አንድ ገጽ ላይ ክብ ሐምራዊ ማኅተም አየሁ። ሲጨማደድ፣ ሲጠቁር አየሁት፤ ምን እንደሆነ ግን አላነበብኩም። ስጨርስ የተሰማኝ ኩራት ነበር። አባቴን ያዳንኩት መስሎኝ ነበር።

ማታ በቆሎውን አቀረብኩ። አባባ ነከስ አድርጎት “ዛሬ ጭስ ጭስ ይላል” አለ፣ ግን ጨረሰው።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ የምድጃውን አመድ ደፍታ ስትመለስ መጡ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች፣ ከእነሱም ጋር ከራዲዮ ፈቃድ ቢሮ የተላከ አንድ ወጣት ባለሙያ። ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡት።

“ይሄ ምንድነው?” አለ ሊቀመንበሩ።

“ማሰራጫ ነው፣ ጓድ። ሥራ ካቆመ ቆይቷል።”

“ሰው በጆሮው እየሰማ ቆሟል ትላለህ?”

አባባ መምቻዋን አምጥቶ ቲት ቲት አደረጋት። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ አያት። “እውነታቸውን ነው፣ ይቺ መለማመጃ ናት፣ የትም አትደርስም” አለ። ከዚያ ወደ አባባ ዞረ፤ “ማሰራጫውን መቼ እንዳቆሙ የምናውቀው ግን በመዝገብዎ ነው። እሱን ያሳዩኝና እንጨርስ።”

አባባ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ ማስታወስ አልወድም። “ያቆምኩ ዕለት መዝገቡን ይዤ እናንተው ቢሮ ሄጃለሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ‘ጣቢያው ተዘግቷል’ ብዬ ጽፌ አስፈርሜያለሁ፤ ማኅተም አለበት” ብሎ ቁም ሳጥኑን ከፈተ።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። አባባ ልብሱን አነሳ፣ ጋዜጣውን አነሳ፣ ደግሞ ልብሱን አነሳ። ቀስ ብሎ ዞረና እማዬን አያት፤ ያንን መሣሪያ ሁልጊዜ የምትረግመው እሷ ናትና። እማዬ ደግሞ እኔን አየችኝ። ለአፍታ ብቻ ነው። ፊቴን አየች፣ የደፋችውን አመድ አስታወሰች መሰለኝ፣ ሁሉም ገባት።

“እኔ ነኝ ያቃጠልኩት” አለች።

“ምን ተጽፎበት ነው የሚቃጠለው?” ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ።

“ማንበብ አልችልም፣ ጌታዬ። ፈራሁ፣ አቃጠልኩት።”

“ፈቃዱ በማን ስም ነው?”

“በእኔ” አለ አባባ።

“እንግዲያው ቅደም።”

እኔ ከግድግዳው አልተላቀቅኩም። አባባ ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያስር ወሰዱት። ዘጠኝ ወር ታሰረ። እማዬ በየቀኑ፣ በጭቃም በፀሐይም፣ ስንቅ ይዛ ተመላለሰች። ቢሮው ቅጂ አልነበረውም፤ በመጨረሻ ማኅተሙን የመታው ጸሐፊ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ኖሮ ተገኘና መሰከረለት፤ ተፈታ።

ከተፈታ በኋላ እማዬን “አስካለ፣ ያቺን አንዲት ገጽ ብትተዪልኝ ምን ነበረበት?” አላት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያላት። ግን ከዚያ በኋላ ከእሷ ጋር የሚያወራው ስለ ዝናብና ስለ አስቤዛ ሆነ። እኔ ብቻዋን ባገኘኋት ቁጥር “ልንገረው?” እላታለሁ። “ተይው፣ እኔን ቢቀየመኝ ይሻላል፤ አንቺ ልጁ ነሽ” ትለኛለች። እኔም እሺ እላለሁ። እሺ ማለት ደስ ይለኝ ነበር።

እማዬን ሳሊተ ምሕረት የቀበርናት ደርግ ከወደቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በሰልስቷ፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ለአባባ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ “አንቺ መሆንሽን እሷ ታውቅ ነበር?” አለ። “ያን ዕለት፣ ያኔውኑ” አልኩት። በቀብሯ ያላለቀሰ ሰውዬ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ መቃብሯ ጋ ወንበር አስወጥቶ ይቀመጥ ነበር። ምን እንደሚላት አላውቅም፤ ሲያወራ ግን ረጅም ሰዓት ነበር።

ልጄ ወረቀቱን ሞልቶ ሄዷል። እኔ ቁጭ ብዬ የማስበው ይሄን ነው። በሕይወቴ ስለ ጎደለው ብዙ ነገር ደርግን እከሳለሁ፣ አብዛኛው እውነት ነው። አባቴን የወሰዱትም እነሱ ናቸው። እናቴ ግን ሳትናገር የኖረችው ደርግ ከወደቀም በኋላ ነው፤ ያኔ በር ላይ የቆመ ጠመንጃ አልነበረም፣ የነበርኩት እኔ ነኝ።