ታላቄ የጠጣው አረንጓዴ ሻይ

መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። ልጄ ከጎንደር መጥታ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ነገር ከፊቴ አኖረችልኝ። እንፋሎቱ እርጥብ ድርቆሽ ሸተተኝ፤ ዝናብ ነክቶት ፀሐይ መልሳ ያፈላችው ድርቆሽ። አረንጓዴ ሻይ ነው አለችኝ። የካርቶኑን ጀርባ እያገላበጠች አነበበችልኝ። ለልብ ይበጃል፣ ስብ ይቀንሳል፣ ሐሳብ ይሰበስባል፣ እርጅናን ያዘገያል ይላል። «አባባ፣ ለጤናዎ ነው፤ ይጠጡት» አለችኝ። አመስግኜ ተቀበልኳት። ግን እስኪበርድ ድረስ ብርጭቆውን በእጄ እንደያዝኩ ቆየሁ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ የማውቀውን ሁሉ ከተገኘው መጽሐፍ፣ አንዳንዴም ዕቃ ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ለቅሜ ነው ያወቅሁት። ስለ ሻይ ቅጠልም ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ምክንያቱን ታዩታላችሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ ውሸት አይደለም። አዘውትረው ለሚጠጡት ልባቸውን ይረዳል የሚሉ አዋቂዎች አሉ፤ ገና ያልተረጋገጠው ይበዛል የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። ሰው ግን የሚረዳውን ነገር ሲያገኝ የሚያድነውን ያገኘ ይመስለዋል። መከራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ወደ ቆላ የወረድነው ሁለት ወንድማማች ነበርን። እኔ ገና ጢሜ ማቀምቀሙ ነው፤ ታላቄ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ዓምናም ወርዶ ሠርቶ ተመልሷልና መንገዱን ያውቀዋል። መተማ አጠገብ ካለችው ከኮኪት ወዲያ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ገባን። እንደኛ ያለውን ከደጋ የሚወርድ ሠራተኛ የአገሩ ሰው ሳሉግ ይለዋል። አለቃችን የወሎ ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ግን ሁላችንም የምንፈራቸው ሽማግሌ ቢጤ።

ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ካልታጨደ፣ ፍሬውን የያዘበት ከረጢት አፉን ይከፍትና የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ አጫጆች በሰልፍ ይገባሉ። አንዱ ፊት ሆኖ ዜማ ያወጣል፤ ሌላው ይቀበለዋል፣ በእሱም እርምጃ ያጭዳል። ፊት አጫጁ ከላላ ሰልፉ በሙሉ ይላላል። ታላቄ ፊት አጫጅ ነበር። ከኋላው ሆኜ ሳጭድ የጀርባው ላብና የትኩስ ሰሊጥ ቅጠል ሽታ አንድ ላይ ይመጣብኝ ነበር። ዛሬም ከተቆረጠ ሰሊጥ አጠገብ ሳልፍ ያ ወደ አንድ በኩል ዘንበል የሚል ጀርባ ይታየኛል።

አገሩ ግን ፋታ አይሰጥም። ዋልካው፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር፣ ክረምቱ ሲወጣ ይሰነጠቃል፤ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከስንጥቁ ውስጥ ዓይን የማትሞላ ዝንብ ትወጣለች፤ ድምፅ የላትም፤ ነክሳ ከሄደች በኋላ ነው የምታውቋት። ከካምፑ ጥግ አንድ ትልቅ ግራር ነበረ፤ ከሥሩ ድንጋይ ተከምሯል። ዓምና የሞተ አጫጅ ነው አሉን። አገሩን የሚያውቅለት ሰው ስላልነበረ እዚያው ቀበሩት። ሌላ ጥላ አልነበረምና ምሳችንን የምንበላው እዚያ ሥር ነበር።

ሻይ የምታፈላልን ሴት ብዙ ዘመን ሱዳን ገዳሪፍ ኖራ የተመለሰች የእኛው አገር ሰው ነበረች። ሁላችንም እታለም እንላታለን። በሰሊጥ አገዳ የተሠራች ዳስ ነበረቻት፤ ጥቁሩ በራዷ ከከሰሉ ላይ አይወርድም። ቀይ ሻይ ለጠየቀ ቀዩን ትሰጣለች፤ የምትኮራው ግን ከሱዳን በሚመጣላት በአረንጓዴው ነበር። ናዕናዕ የሚሉትን መዓዛማ ቅጠል ትጨምርበታለች፣ ስኳሩንም እንደ ሱዳኖቹ ታበዛዋለች። ደም ያጠራል፣ ሆድ ያጥባል፣ ወባ አያስጠጋም ትላለች። አንድ አፉ የማያርፍ የጎጃም ሰው ነበረን፤ እሱ ይተነኩሳታል።

«እታለም፣ ራሰ በራነትስ ያድናል?»

«አንተ ብቻ ጠጣው። ፀጉሩ ባይበቅል እንኳ አፍህ ለጥቂት ጊዜ ሥራ ያገኛል።»

የምንጠጣው ውኃ ከኩሬ በበርሜል የሚመጣ ነበር፤ መልኩ የአፈሩ መልክ ነው። ያን ሰሞን በጎረቤት ካምፕ ተቅማጥ ገብቶ ብዙ ሰው ጣለ። እኛም ዘንድ በርሜሉን የጠጡት ታመሙ፤ የእታለምን ሻይ ያዘወተሩት ግን ደህና ነበሩ። ከዚያ በኋላ የቅጠሉን ነገር የሚጠራጠር ጠፋ። ያዳናቸው ውኃው መፍላቱ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየነው ቅጠሉን እንጂ እሳቱን አልነበረም።

ታላቄን ትኩሳት የጀመረው ሰሊጡ ከተጋመሰ በኋላ ነው። በእኛ ጓድ ትኩሳት የሚታከምበት ሥርዓት ነበረው። የታመመውን በቀትር ፀሐይ ያስቀምጡታል፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ይደርቡበታል፣ የሚያቃጥለውን አረንጓዴ ሻይ በላይ በላዩ ያጠጡታል። ላቡ ከጋቢው አልፎ መንጠብጠብ ሲጀምር ሰው ሁሉ «ወጣ» ይላል። በሽታው ወጣ ማለት ነው። ታላቄም አላበው፤ ወጣ ተባለ። ማጭዱን አንሥቶ ወደ ፊት ሄደ፤ ያን ቀን ድምፁ ከወትሮው ይበልጥ ጠርቶ ነበር። ያ ሻይ ዓይን ይከፍታል፤ ያለቀ ጉልበትን ለጥቂት ሰዓት ያለ ያስመስለዋል። ካርቶኑ ላይ ከተጻፉት ጥቅሞች እውነተኛው ይህ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ትኩሳቱ ተመለሰ። ጋቢው ተደረበ፣ ሻዩ ተቀዳ፣ ወጣ ተባለ። እንደገና ተመለሰ። በየመሐሉ ታላቄ ፊት ሆኖ ያጭዳል። ፊቱ እየጠቆረ፣ አንገቱ እየቀጠነ ሄደ፤ ሆዱ ግን ሞላ። የጎጃሙ ሰው አንድ ቀን ሊቀልድ ብሎ፣ ሻዩ ቦርጭ አወጣለት አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሻይ ሲቀልድ አልሰማሁትም።

ታላቄን አያ ነበር የምለው። መተማ ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኩት።

«አያ፣ ይህ ወባ አይደለም። ወባ እንዲህ ሰው አያጠቁርም።»

«ታማሚ ይተኛል እንጂ ያጭዳል? እያጨድኩ እያየኸኝ!»

«ሻዩ ነው የሚያቆምህ።»

«ታዲያ ካቆመኝ ምን ጎደለኝ?» አለና ማጭዱን ድንጋይ ላይ መሳል ጀመረ። ሰሊጡ አፉን ሊከፍት ነው፣ እኔ ሐኪም ቤት ስጋደም ሰልፉን ማን ይይዘዋል አለኝ። ሌላ ሰው ይይዘዋል አልኩት። መሳሉን ቀጠለ። ሰው በሥራው መኩራቱ መልካም ነው፤ ልጆቼንም የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። ግን ኩራት ሰውነት ሲጮህ ጆሮ የሚደፍንበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ወዲያ የሰልፉ ዜማ ተበላሸ። ታላቄ ጀምሮ ትንፋሹ ስለሚያጥረው፣ ሰዎቹ እስኪጨርስ ሳይጠብቁ ይቀበሉት ጀመር። ለእሱ አዝነው ነው፤ እሱ ግን ያውቀው ነበር። ምሳ ሰዓት ግራሩ ሥር ስንሰበሰብ ጀርባው ደገፍ የሚልበት ነገር ይፈልጋልና፣ የዓምናውን ሰው ድንጋይ ተደግፎ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ ተነሣ ያለው የለም። አጠገቡ የተቀመጠም የለም፤ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከበላያችን አሞራ ይዞራል፤ አሞራ በመከር ጊዜ ሁሌም ይዞራል፣ ከነዶ ሥር የሚወጣ አይጥ አያጣም። ያን ሰሞን ግን ሁላችንም ቀና እያልን እናየው ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወደ እታለም ዳስ ሄድን። ሰው ከቦ ተቀምጧል፤ አለቃውም ነበሩ። ታላቄ ብርጭቆውን ዘረጋላት። እጁን ሲዘረጋ ሸሚዙ ተገለጠ፤ ከግራ ጎድኑ በታች ሆዱ እንደ ድንጋይ ወጥሮ ቆሟል። በዚያው ቅጽበት ከአፍንጫው ደም ወርዶ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ አረፈ። በእጁ ጠራርጎ እንደገና ዘረጋው። እታለም በራዷን አንሥታ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችውና ክዳኑን ገጠመችው።

«ሐላስ፣ በቃ። ላንተ ከእንግዲህ አልቀዳም።»

ታላቄ የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «ምነው እታለም፣ መድኃኒቴን ትከለክይኛለሽ?»

«መድኃኒትህ አይደለም። ገዳሪፍ ሳለሁ እንዲህ ያለ ሆድ አይቻለሁ። ይህ በላብ የሚወጣ አይደለም።»

ያችን ሴት እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሻይዋን በሁላችን ፊት ስታወድስ ኖራለች፤ በሁላችንም ፊት ቃሏን መለሰች። ከዚያ ወደ አለቃው ዞራ ትራክተሩን እንዲሰጡን ጠየቀቻቸው። ተሳቢው ነዶ ተጭኖበታል አሉ።

«ነዶውን ያስወርዱት፣ አባቴ።»

አለቃው የታላቄን ሆድ አዩ፤ ቀጥለው ግራሩን አዩ። ተነሡና የመጀመሪያውን ነዶ በገዛ እጃቸው አወረዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ታላቄ ከዳሱ ሥር ቆሞ ያያል፤ ያጨደው ሰሊጥ ለእሱ ቦታ ሲለቅ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። መከራከር ሲተው ነው እኔ ከልቤ የፈራሁት።

እስከ አስፋልቱ በተሳቢ፣ ከአስፋልቱ መተማ በአይሱዙ ሄድን። ሙቀቱ መንገዱን እንደ ውኃ ያንቀጠቅጠው ነበር። ታላቄ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። እናታችን ስትጠይቀኝ፣ እንዳትደነግጥ፣ ወባ ነው እንድላት አዘዘኝ። እሺ አልኩት። ዋሽቼ አላውቅም የሚል አባት ሆኜ ልጆቼን አሳድጌያለሁ፤ ያን ግን ብያታለሁ።

ሐኪም ቤቱ በሽታውን ወዲያው ነው ያወቀው፤ ያች ድምፅ የሌላት ዝንብ በንክሻዋ የምታስተላልፈው ካላዛር ነበር። መርፌውን ጀመሩለት። የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ደሙ ግን አልቆ ነበር። አንድ ማለዳ፣ ውጭ የጫኑ መኪኖች ሞተራቸውን ሲያሞቁ፣ እጁ በእጄ ውስጥ እያለ አረፈ።

ሻዩ ገደለው አልልም፤ አልገደለውም። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ደም የሚሠራበትን ነገር ከእህሉ እንዳይወስድ ያግዳል ይላሉ፤ ደሙ እያለቀ ለነበረ ሰው ይህ መልካም አልነበረም። ዋናው ነገር ግን ይህም አይደለም። ሻዩ ደግ ነበር፤ ከተቅማጥ አድኖናል፣ ድካማችንን ሸፍኖልናል፤ ደግነቱን አይተን የማይችለውን አሸከምነው። ስለዚህ ሻይ ጠጡ፤ እኔም የልጄን ሻይ ጠጥቻለሁ። ትኩሳት ሲመላለስባችሁ ግን ብርጭቆውን አስቀምጡና ተነሡ፣ ሂዱ፤ ሰሊጡም ይፍሰስ።

ከሁሉ የማይለቀኝ የገባን ቀን ነው። ከመኪናው አውርጄ ወደ ክፍሉ ያስገባሁት ብቻዬን ታቅፌ ነበር፤ ክብደት አልነበረውም። ነርሷ አልጋው ላይ አስተኝታ ሆዱን በጣቷ እየተጫነች ዳሰሰችው፤ ጣፊያው እስከየት እንደ ወረደ በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ አሰመረች። መስመሩ ከእምብርቱ አልፎ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ታናሽህ ነው?» አለችኝ።

እኔ ሳልመልስ ታላቄ ዓይኑን ገለጠ። በክርኑ ተመርኩዞ ከአልጋው ቀና ለማለት ሞከረ።

«ታላቁ ነኝ» አላት።

የመጨረሻው ወንድ ልጄ ዘንድሮ ሃያ አራት ዓመት ሞላው። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ከፊቴ ሲሄድ ጀርባውን ወደ አንድ በኩል ዘንበል ያደርጋል፣ ከማን እንደ ወሰደው እሱ አያውቅም። አንዳንድ ቀን ከኋላው ልጠራው አፌን እከፍትና የሚመጣልኝ ስሙ አይደለም። አያ ልለው እደርሳለሁ። ያን ጊዜ ዞሮ እስኪያየኝ እጠብቃለሁ።