ለየሻረግ የተለጠፈ ወረቀት

የሻረግ ታያለች ተብሎ ነበር። ከመንደር ሰባት የተነሳው ወሬ እኛ ፓዌ ገበያ ሳንደርስ ቀድሞን ደርሷል። ለእርዳታ ብላ ነው የምትጨፍነው፤ ባታይ ኖሮ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ከእኛ በፊት እንዴት ታውቃለች ተባለ። ጎረቤቷ ነገሪ ሊያጣራ ሄዶ ፊቷ ቆመና ምላሱን አወጣ። «ነገሪ፣ ሽንኩርት በልተሃል፤ አፍህን ግጠም» አለችው። ወሬው ጭራሽ ባሰበት።

እውነቱ ሌላ ነው። የሻረግን ገና በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን አጥፍቶባታል። የምታውቀውን የምታውቀው ከሬዲዮ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ትሩፋት የምትባል አንባቢ፣ ማየት ለተሳናቸው ብላ ጋዜጣውንም በየቀበሌው የተለጠፈውንም ማስታወቂያ በሬዲዮ ታነብ ነበር። የሻረግ ትሰማለች፤ ዓይን ያለን ሰነፎች ደግሞ ከየሻረግ እንሰማለን።

አንድ ሐሙስ በትሩፋት ፈንታ ዘፈን መጣ። በሚቀጥለውም ዘፈን። የሻረግ፣ አንባቢዋ ታማ ይሆናል ብላ ጸለየችላት። ትሩፋት ምንም አልሆነችም። ሬዲዮ ጣቢያው ሰዓቷን ለዘፈን ምርጫ ሰጥቶት ነው፤ አገሩ ዘፈን ያጠረው ይመስል።

በዚያው ወር ቀበሌው የመሬት ይዞታ ዝርዝር ለጠፈ። ስህተት አለ የሚል በአስራ አምስት ቀን ያመልክት ይላል። አባቷ ያወረሷት ማሳ በአጎቷ በእንዳለ ስም ተጽፏል። እኛም አላነበብነው፤ እሷ ትነግረናለች ብለን። የሻረግ ነገሩን ያወቀችው አጎቷ እንዳለ በሬ ጠምዶ ማሳዋን ሲያርስ፣ የጅራፉን ድምፅ ሰምታ ነው።

በትሯን ይዛ ቀበሌ ሄደች፤ እኔም ተከተልኩ። ጸሐፊው እዩኤል ማስቲሽ በእጁ ይዞ ሌላ ወረቀት ይለጥፋል። ቀኑ አልፏል አላት። ንባቡ ስለቀረ አልሰማሁም አለችው።

«እትዬ የሻረግ፣ ንባቡ መቋረጡንም እኮ ለጥፈናል። ከጣቢያው በደብዳቤ መጥቶ፣ ይኸው ወር አለፈው።»

«የታለ?»

እጇን ይዞ ሰሌዳው ላይ አኖረላት። ወረቀቱን ከጥግ እስከ ጥግ ዳበሰችው። ልሙጥ ነው፤ ማኅተሙ እንኳ አይዳሰስም። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቅ ቃጥቶት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ያንን ንባብ የምንሰማው የማናየው ነን» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «መቅረቱን የለጠፋችሁት ለማን ነው?»

እዩኤል የማስቲሹን ክዳን መጠምዘዝ ያዘ።