አርጃኖዬን ያስጾምኩበት ሁዳዴ

ጀፕ በሚባለው የስደተኞች ገበያ ከሚውለው ሐበሻ መካከል ይህን ታሪክ ያልሰማ ጥቂት ነው። የሰሙት ግን የሚያስቀውን ግማሽ ነው። የሚያሳፍረውን ግማሽ ደብቄ የቆየሁት እኔ ስለሆንኩ እኔው ልጻፈው።

ከከተማው ወጣ ባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ጻካኔ ውስጥ፣ ከሸሪኬ ጋር ትንሽ ሱቅ አለን። እሱ ከስልጤ የመጣ ሙስሊም ነው፤ እኔ የአዲስ አበባ ኦርቶዶክስ ነኝ። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ በሃይማኖት ተጣልተን አናውቅም። የተጣላነው በአርጃኖ ነው።

አርጃኖ ግድግዳ ላይ እንደምትሮጠዋ እንሽላሊት አይደለም። ሲያድግ የሰው ቁመት ያክላል፤ እዚህ ሊከቫን ይሉታል። ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ካለው ረግረግ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ደንበኛችን በዱቄት ጆንያ ይዞት መጣ። ያኔ ገና ጫጩት ቢጤ ነበር፤ ከነጅራቱ ክንዴን ቢያክል ነው። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ለወጥኩት። ለእንስሳ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። ከወር በፊት ተዘርፈን ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ አርጃኖ በጣም ይፈራል። ዘበኛ ይሆነናል ብዬ ነው። ስለ እንስሳው የማውቀው ይህን ብቻ ነበር።

ቤቱ የተበላሸ የለስላሳ ፍሪጅ ሆነ። የመስታወት በሩ ወደ ላይ እንዲሆን በጀርባው አጋደምኩት፣ ጎኑን ለአየር በሳሁት፣ ካርቶን አነጠፍኩ፣ አምፖል ሰቀልኩ። ውሃ በአይስክሬም ዕቃ፣ ምግብ ከሱቁ ፖሎኒ፣ ያ ርካሹ ቋሊማ። ደንበኞች ባንኮኒው ፊት ባለው የብረት ፍርግርግ አጮልቀው እየተገረሙ "ሃይቦ!" ሲሉ ደረቴ ይነፋል። ሸሪኬ ብቻ አንድ ቀን "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ፀሐይ አይፈልግም እንዴ?" አለኝ።

"መስታወት አይደል? ይገባለታል" አልኩት። ሱቃችን ውስጥ ፀሐይ የምትገባው ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ነው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ሁዳዴ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ምሳዬን ስበላ ለቀልድ ሽሮ የነካ ዳቦ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጥኩለት። ቀስ እያለ መጣ፣ ምላሱን አውጥቶ ቀመሰው፣ ዋጠው። በስልኬ ቀርጬ "እኛ ቤት የሚኖር ሁሉ ይጾማል" ብዬ ለጀፕ ወዳጆቼ ላክሁት። ቅዳሜ ዕቃ ልገዛ ስሄድ ምግብ ቤቱ ውስጥ የማላውቀው ሰው ሁሉ ተነስቶ ጨበጠኝ። "የጿሚው ጌታ መጣ!" ይላሉ። እኔ ጨዋታ አዋቂ አይደለሁም፤ ሰው ስቆልኝ አያውቅም ማለት ይቻላል። ጣመኝ። ከዚያ በኋላ አርጃኖው ሥጋ ከቀመሰ ቀልዴ ሊበላሽ ነው። ስለዚህ ዳቦ፣ ሽሮና ቅቅል ድንች ብቻ ሰጠሁት።

ሸሪኬ ሳምንት ታገሰኝ። "እንስሳ እኮ ነው፣ ጾም ምን ያውቃል?" አለኝ። "አንተ መንካት ካልፈለግህ እኔ እንቁላል ልስጠው።"

"በጾም እኔ ቤት እንቁላል አይበላም" አልኩት፣ ቆፍጠን ብዬ።

ወደ ማቀዝቀዣው አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ማቀዝቀዣው ሙሉ የዶሮ እግርና ጭንቅላት ነው፤ የሰፈሩ ሰው ዎኪ ቶኪ ይለዋል፣ እንጀራችን እሱ ነው። እንቁላሉም ባንኮኒው ላይ ተደርድሯል። ጾሙን ሙሉ ጓንት አጥልቄ ያንን ስሸጥ የዋልኩት እኔ ነኝ። ከእንቁላሉ እስከ ፍሪጁ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው።

በአምስተኛው ሳምንት እንስሳው ዝም አለ። ድሮ በሩን ስከፍት በጅራቱ ይገርፈኝ ነበር። አሁን ሳነሳው እንኳ አይንቀሳቀስም። "ለመደኝ" እያልኩ በዚያም ጉራዬን ነዛሁ።

የፋሲካ ዕለት ጀፕ ካሉ ወዳጆቼ ጋር ፈሰክሁና አንድ የዶሮ ወጥ እንቁላል አጥቤ፣ በሶፍት ጠቅልዬ አመጣሁለት። አፉ ሥር አስቀመጥኩት። አየው፣ ምላሱን አወጣ፣ ጭንቅላቱን ሊያነሳ ሞከረና አቃተው። እንቁላሉ ተንከባሎ ጥግ ያዘ፤ ዓይኑ ብቻ ተከተለው። እኔ አፌ ገና ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አፈርኩ፤ ሸሪኬ አጠገቤ ቆሞ ስላየኝ ደግሞ ይበልጥ አፈርኩ።

ማክሰኞ በካርቶን አድርገን የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሟ ወጣት ናት። "ምን ይበላል?" ብላ ጠየቀች።

"እንቁላል። የዶሮ ሥጋ" አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

ሸሪኬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የውሻ ፎቶ ማየት ጀመረ። ሐኪሟም እንዲህ በደንብ እየበላ ከደከመ ትል ሊሆን ይችላል ብላ የትል መድኃኒት ሰጠችን። ራጅ እናንሳው ስትል አያስፈልግም አልኩ። አጥንቱ እንዳያሳጣኝ ፈርቼ ነው።

መኪና ውስጥ ሸሪኬ "ለምን ዋሸሃት?" አለኝ።

"ታዲያ ምን ልበላት?"

"ያደረግከውን። ልነግራት ነበር፣ ሰው ፊት ላዋርድህ አልፈለግሁም። አሁን ቢሞት እኔም አለሁበት።"

በሳምንቱ የኋላ እግሮቹ ጨርሶ አልታዘዝ አሉት፤ መንጋጋውም ሲነኩት እንደ ጎማ ይታጠፋል። ሸሪኬ የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠና "ብቻህን ሂድ" አለኝ። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ራጅ አነሳችው። ምስሉን ስታሳየኝ አጥንቱን ለማየት ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ፤ በእርሳስ ተሠምሮ የተፋቀ መስመር ይመስላል።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መስታወት ሙቀት ያሳልፋል እንጂ አጥንት የሚያጠነክረውን ጨረር አያሳልፍም አለች። ስለዚህ ከጅምሩም ጨለማ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ፖሎኒ ምግቡ አይደለም። አይጥ ከነአጥንቱ፣ እንቁላል ከነቅርፊቱ፣ ቀንድ አውጣና አንበጣ ነው የሚበላው። የሚቆፍረው አፈር፣ መላ ገላውን የሚነክርበት ገንዳ፣ ሲበርደው የሚሞቅበት፣ ሲሞቀው የሚሸሸግበት ቦታ ያስፈልገዋል። እኔ ፍሪጅ ሰጠሁት።

"በጾሙ ምክንያት ሥጋና እንቁላል ያልበላው ስንት ቀን ነው?"

"ሃምሳ አምስት።"

"አንተም ሃምሳ አምስት ቀን ሳትበላ ነው የቆየኸው?"

"በልቻለሁ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሳምቡሳ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ..." በዚያ ጾም ኪሎ ጨምሬ ነበር።

የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማኖር ክልክል ነው ብላ የታመሙ አራዊት ወደሚያገግሙበት ግቢ ላከችው። ተርፏል። እግሮቹ ግን እንደተጣመሙ ቀሩ፣ ወደ ረግረጉም አይመለስም። አንድ እሁድ ከሸሪኬ ጋር ሄደን በሽቦው በኩል አየነው። ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ነበር። እንቁላል ሲሰጡት ከነቅርፊቱ ዋጠው። ሸሪኬ "አልሐምዱሊላህ" አለ።

ዘንድሮ ሁዳዴ በገባ ሰሞን ጀፕ ምግብ ቤት ስገባ አንዱ ወዳጄ "ጿሚውስ ደህና ነው?" አለና አዲስ ለመጡት ላሳያቸው ብሎ ያንን ቪዲዮ ከፈተ። ከላክሁት ቀን ጀምሮ አይቼው አላውቅም ነበር። አርጃኖው ከጥግ ተነስቶ ወደ ዳቦው ይመጣል። ቀስ እያለ የመጣው ሲጠራጠር መስሎኝ ነበር። የግራ የኋላ እግሩን ይጎትታል። ገና የጾሙ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ያኔውኑ ታሟል፣ እኔ ደግሞ ፊት ለፊቱ ስልክ ይዤ ቆሜያለሁ።

"አጥፋው" አልኩ። ቀልድ መስሏቸው ከት ብለው ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ግን ከስልኩ ውስጥ የሚወጣው ሳቅ ነበር፤ እሱም የኔ ነው።