ዝም ብሎ የመስጠት ጨዋታ

ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት የሕፃናቱን ክፍል የምታስተምረው ያምሮት ናት። መጀመሪያ ላይ መንደሩ ያማት ነበር። «የመንግሥት ደመወዝ እየበላች ልጆቻችንን ጭቃ ታስቦካለች» ይላሉ። አልዋሹም። ከጭቃ በሬ፣ ከሰንደዶ ቀለበት፣ ከበቆሎ ልጣጭ አሻንጉሊት ታሠራቸዋለች። ፊደሉንም ታስቆጥራለች፤ ግን ፊደል የሚያስቆጥር ሞልቷል፣ እሷን ለይቶ ያሳወቃት ጨዋታዋ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና የሠሩትን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እሷ «ማን ጎደለው?» ትላለች። ዓይናቸውን ሲገልጡ ዙሪያውን ያያሉ፤ የማን በሬ ቀንዱ ተሰበረ፣ ማን ዛሬ ከንፈሩን ጥሏል፣ ማን ብቻውን ተቀምጧል። ያየ ልጅ ተነሥቶ ሄዶ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ያለውን ይሰጠዋል። ታዲያ አንድ ሕግ አለ፤ መናገር የለም። «እኔ ሰጠሁት» ያለ ልጅ እንዳልሰጠ ይቆጠራል። መስጠቱን የምታውቀው መምህርቷ ብቻ ናት፤ እሷም «አይቻለሁ» ስትል አንገቷን ነቅነቅ ታደርግለታለች፣ አለቀ።

ላቀው የሚባለው ቀበጥ ይህን ሕግ እስኪለምድ አበሳዋን አሳያት። በሬውን ይሰጥና ግቢውን እየዞረ ይለፍፋል። ከለመደው በኋላማ ጭራሽ ባሰ። የእናቱን አዲስ ጀሪካን ወስዶ ለጎረቤት አሮጊት ሰጠና ዝም አለ። እናቱ ቤቱን ስታተራምስ ውላ ነገሩ ሲደረስበት ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገሰች። «መምህርት፣ ልጄን ደግ ያድርጉልኝ አልኩ እንጂ ቤቴን ያራቁቱልኝ አልኩ?» አለች። ያምሮት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች። ሴትዮዋ ዘወር ስትል ግን ለልጁ አንገቷን ነቀነቀችለት። እኔ ብሆን ጀሪካኑን አስመልሰው ነበር።

አሁን ወደ ሆዷ ነገር ልግባ። እነዚህ ሕፃናት አንዳንዴ አፋቸውን ያመልጣቸውና «እማ» ብለው ይጠሯታል። «እማ፣ ላቀው ነካኝ» ይላል አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል፣ ልጁ ያፍራል። ሌላ መምህር ያርማቸው ይሆናል። ያምሮት አታርምም። እንዳልሰማ ሰው ጎንበስ ብላ ልጣጩን ትሰነጥቃለች። የወለደቻት ልጅ «እማ» ብላ ጠርታት አታውቅም።

ልጅቷ እንቁ ትባላለች። በኩሯ ናት፤ ሌላም አልተከተላትም። እንቁ ጡት እንደ ተወች የባሏ የወንዳወቅ አባት አረፉና እናቱ እማማ አልጣሽ ቡሬ ዳር ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። የአገሩ ወግ ነው፤ ሐዘን የገባበት ቤት ሕፃን ይሰጠዋል፣ ባለቤቱ ሐዘኑን እንዲረሳ። እማማ አልጣሽ «እስከ ተዝካሩ ትቆይልኝ» አሉ። ያምሮትም በገዛ እጇ አቅፋ ወስዳ ሰጠች። ተዝካሩ ወጣ፣ ልጅቷ አልተመለሰችም። ከዚያ እስከ ጥምቀት ተባለ፣ ከዚያ እስከ ፋሲካ። ማን ደፍሮ አማቱን «ልጄን ይመልሱልኝ» ይላል? ወንዳወቅም «እናቴን እንዴት ብዬ?» ይላል፤ ጎበዝ ገበሬ ነው፣ በእናቱ ፊት ግን ምላስ የለውም። ልጅቷ አያቷን «እማ» አለች። የወለደቻትን ግን አያቷ እንደሚጠሯት «ያምሮት» ብላ ቀረች።

ስልክ ሲደወልላት «ደህና ነሽ ያምሮት? ዝናቡ እንዴት ነው?» ትላለች፣ እንደ ትልቅ ሰው። ያምሮት ስለ ዝናቡ ትነግራታለች። ስልኩ ሲዘጋ ከቤት ወጥታ በቆሎው መሐል ትቆማለች። ለበዓል ቡሬ ትሄዳለች፤ እንግዳ ሆና ተቀምጣ እንግዳ ሆና ትመለሳለች። ጫማ ስትገዛላት ገበያ ላይ ያገኘችውን የሌላ ሰው ልጅ እግር እያየች ነው፤ ሁልጊዜም ይጠባታል። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ቢናፍቅ ያለ ነገር ነው። ቡሬ እዚህ፣ ሚኒባሱ በደጅ እያለፈ፣ የልጅን እግር አለማወቅ ግን የሚያንገበግብ ነገር ነው።

ዘንድሮ እንቁ ለትምህርት ደረሰች። እማማ አልጣሽ ራሳቸው ደውለው «እንግዲህ በመስከረም ትምህርት ሲከፈት አመጣታለሁ፤ አይታ ትምረጥ» አሉ። ያምሮት «ትምረጥ» የሚለውን አልወደደችውም። ቢሆንም ልጅቷ የምትመጣበትን ቀን እሷ ወሰነች፤ ክፍሉ አሻንጉሊት የሚሠራበትን ቀን። ክፍሉን ካየች በኋላ ቡሬን ትረሳለች ብላ አሰበች። ተንኮል ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ ተንኮል ነው።

ቀኑ ደረሰ። እማማ አልጣሽ ነጠላቸውን አጣፍተው እንቁን በአንድ እጃቸው ይዘው ከሚኒባስ ወረዱ። በሌላው እጃቸው ቋጠሮ አለ፤ የልጅቷ ልብስ በሙሉ። ያምሮት ቋጠሮውን አየች። ሊተዉልኝ ነው፣ አለች በሆዷ።

እንቁ ከልጆቹ መሐል ገብታ ተቀመጠች። ከውስጥ ያለውን ለስላሳ ልጣጭ ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ አደረገችላት፣ የበቆሎውን ጸጉር ሹሩባ ሠራችላት። ጨዋታው ሲመጣ ሕጉን አንዴ ሰማች፣ በቃት። ዓይኗን ገለጠች፤ ዙሪያውን አየች፤ አሻንጉሊቷ የፈረሰባት ልጅ ዘንድ ሄዳ ተቀመጠችና የራሷን ጭኗ ላይ አኖረችላት። ቃል አልተነፈሰችም። ቀና ብላ መምህርቷን አየች። ያምሮት አንገቷን ስትነቀንቅላት ልጅቷ ፈገግ አለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ እናቷ ይህንንም ያየችው ገና ያን ጊዜ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ እንቁ የእናቷን ቀሚስ ይዛ «ነገም እንጫወታለን፣ ያምሮት? እኔ እኮ እዚህ ደስ ብሎኛል» አለቻት። ያምሮት «እንጫወታለን» አለች።

ከሰዓት በኋላ ቤት ተገብቶ እሸት በቆሎ ተጠብሶ ቀረበ። እማማ አልጣሽ ነገሩን ከሩቅ ጀመሩት፤ በቀጥታ መናገር አያውቁበትም። «የኔው ቤት ሰፊ ነው፤ አይጥ ይሮጥበታል። ጠዋት የምቀሰቅሰው ሰው ካጣሁ እኔስ ለምን ብዬ እነሣለሁ? ግን ምን ይደረግ፣ ትምህርት ነው።»

ያምሮት የሚሉት ገብቷታል፤ ያልገባት መሰለች። «ትምህርት ነው እማማ። እኛም በየበዓሉ እየመጣን እንጠይቅዎታለን» አለች።

ወንዳወቅ ነገሩን ለመገላገል ወደ ልጅቷ ዞረ። «እንቁ፣ የት ልትሆኚ ነው? እዚህ ነው ወይስ ቡሬ?»

እንቁ የምትበላውን በቆሎ ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። አባቷ እንቅልፍ የመጣባት መስሎት ሳቅ አለ። ያምሮት ግን ክው አለች። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ አባቷን አየች፤ ከእሱ ጎን የተቀመጠችውን ያምሮትን አየች፤ ከወዲያ መደቡ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡትን አያቷን አየች። ተነሥታ ሄደችና አያቷ አጠገብ ተቀመጠች። በቆሎዋንም እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ምንም አልተናገረችም።

«አያችሁ» አሉ እማማ አልጣሽ። «አልለይም አለችኝ። እኔን መረጠች።»

ወንዳወቅ «እንግዲህ» አለ።

እንቁ አያቷንም አባቷንም አታይም ነበር። ቀና ብላ የምታየው ያምሮትን ነው፤ ትጠብቃለች። ያምሮት እንዳላየች ሆና ፊቷን ብታዞር ማንም አይፈርድባትም። «ነይ ወደ እኔ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም» ብትልም ማንም አይፈርድባትም፤ እኔ በበኩሌ አልፈርድባትም። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ እየጠበቀች ነበር። ያምሮት አንገቷን ነቀነቀችላት።

በማግሥቱ ጠዋት ቋጠሮው እንደ መጣ ተመለሰ። እንቁ ቀድማ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣለች። እማማ አልጣሽ ከመሳፈራቸው በፊት የያምሮትን ክንድ ይዘው ወደ ዳር ወሰዷት። ደስ ቢላቸውም ሰው ናቸውና ፊቷ አሳዝኗቸዋል።

«አትቀየሚኝ ልጄ» አሉ። «ልተዋት ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ልብሷን ሁሉ ይዤ። ግን አየሽው፣ ትወደኛለች። ከእኔ መለየት አልሆነላትም።»

እውነቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ አዝናልዎት ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። እዚህ ደስ ብሎኛል፣ ነገም እንጫወት ብላኝ ነበር። ይህን ቢሰሙ እማማ አልጣሽ ልጅቷን እዚያው አውርደው ብቻቸውን በሄዱ ነበር፤ ኩሩ ሴት ናቸው፣ ከልጅ ሐዘኔታ አይቀበሉም። ያቺ አንዲት ቃል ብትወጣ እንቁ የዚያኑ ቀን የእናቷ ትሆን ነበር። ያምሮት ይህን አሳምራ ታውቃለች።

«እውነትዎን ነው እማማ» አለች፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከለች። «ከማንም አብልጣ እርስዎን ነው የምትወደው።»